አስቤዛውን ማን ይለቅምልናል?

ልጅ ሆኜ እናቴ ወደ ሰፈራችን ሱቅ ስትልከኝ የምይዘው በእጄ የጨበጥኩትን ብርና በቃሌ ያጠናሁትን ዝርዝር ነበር፤ ግማሽ ኪሎ ስኳር፣ አንድ ሊትር ዘይት፣ ሁለት ሳሙና፣ አንድ ክብሪት። ባለሱቁ ከባንኮኒው ጀርባ ቆሞ ያዳምጠኛል። ስኳሩን ከጆንያው ዝቆ ይመዝናል፣ ለሳሙናው ወንበር ላይ ይወጣል፣ ክብሪቱን ዞሮ እንኳ ሳያይ እጁን ልኮ ያወጣዋል። የእኔ ድርሻ ቆሞ መጠበቅ ነው። ብር ካነሰኝ የዱቤ ደብተሩን ገልጦ ከእናቴ ስም ሥር ይጽፋል።

ያ ባለሱቅ በየቀኑ ሲሠራው የነበረው ሥራ ዛሬ በአሜሪካና በአውሮፓ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር የሚፈስበት የንግድ ትግል ዋና ጉዳይ ሆኗል። ዋልማርት፣ አማዞን፣ ክሮገርና ቴስኮን የመሳሰሉ ግዙፍ ቸርቻሪዎች በኢንተርኔት አስቤዛ ገበያ ሲፎካከሩ ብዙውን ጊዜ የሚወራው ስለ ሮቦትና ስለ ስልክ መተግበሪያ ነው። የጉዳዩ ሥር ግን ያለው እዚያ የሰፈር ሱቅ ውስጥ ነው። ዕቃውን ከመደርደሪያ የሚያነሳው ማን ነው? ቤት ድረስ የሚሸከመውስ? የድካሙን ዋጋ ማን ይከፍላል? ይህን ከያዝን የከሰሩት ለምን እንደከሰሩ፣ የቀናቸውም ለምን እንደቀናቸው በቀላሉ ይገባናል።

ስለ ቃሉ አንድ ነገር ልበል። እንግሊዝኛው «ግሮሰሪ» አዲስ አበባ ሲገባ የመጠጥ ቤት ስም ሆኗል። ስለዚህ እዚህ የምጠቀመው ከጣሊያንኛ መጥቶ ቤተኛ የሆነውን «አስቤዛ» ነው፤ ለቤት ፍጆታ የሚሸመተው ምግብና ሸቀጥ ሁሉ ማለቴ ነው። ዓመቶቹም ካልገለጽኩ በስተቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመቶ ዓመት በፊት አሜሪካም ውስጥ አስቤዛ የሚገዛው ልክ እንደ እኛ ሱቅ ነበር። ደንበኛው ዝርዝሩን ለሻጩ ይሰጣል፤ ሻጩ ከጀርባው ካለው መደርደሪያ ያወርዳል፣ ይመዝናል፣ ይጠቀልላል። በዱቤ የሚሸጡ፣ ቤት ድረስ የሚያደርሱም ብዙ ነበሩ። በ1916 ክላረንስ ሳውንደርስ የተባለ ነጋዴ በቴኔሲ ግዛት ሜምፊስ ከተማ «ፒግሊ ዊግሊ» የሚባል መደብር ከፈተና ባንኮኒውን አነሳው። ደንበኛው ቅርጫት አንጠልጥሎ ይገባል፣ በመደርደሪያዎቹ መካከል እየዞረ የሚፈልገውን በገዛ እጁ ያነሳል፣ መውጫው ላይ ይከፍላል። ለእኛ ዛሬ ተራ ነገር ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን እጅግ አዲስ ስለነበር ሳውንደርስ በዓመቱ ለአሠራሩ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አግኝቶበታል። በ1930 ማይክል ከለን ኒው ዮርክ ውስጥ ኩዊንስ ላይ ሰፊ፣ ርካሽና መኪና ማቆሚያ ያለው «ኪንግ ከለን»ን ከፈተ። በ1937 ደግሞ የኦክላሆማ ሲቲው ነጋዴ ሲልቫን ጎልድማን ባለጎማውን የገበያ ጋሪ አመጣ፤ ሰው በክንዱ ከሚችለው በላይ መግዛት ቻለ።

የሦስቱንም ፈጠራ አንድ የሚያደርገው ነገር አለ። የሻጩ ሥራ ወደ ገዢው ተላለፈ። መልቀሙ፣ መሸከሙ፣ በራስ መኪና በራስ ነዳጅ ቤት ማድረሱ ሁሉ የደንበኛው ሆነ፤ ደመወዝም አይከፈለውም። በምትኩ ዋጋ ቀነሰለት። ሱፐርማርኬት ርካሽ የሆነው በጅምላ ስለሚገዛ ብቻ ሳይሆን የሥራውን እኩሌታ ለእኛ ስላስረከበን ጭምር ነው።

የኢንተርኔት አስቤዛ ይህንን የመቶ ዓመት ስምምነት ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ደንበኛው እንደገና ከባንኮኒው ማዶ ቆሟል፤ ባንኮኒው ስልኩ ነው። ዝርዝሩን ይልካል፣ ሌላ ሰው ይለቅምለታል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ዋጋው አሁንም ያው ደንበኛው ራሱ በሚለቅምበት ዘመን የተተመነው ዋጋ ነው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አሜሪካ ውስጥ አንድ ሱፐርማርኬት የ100 ዶላር ዕቃ ሸጦ ወጪው ሁሉ ሲቀነስ የሚተርፈው በአብዛኛው ከ1 እስከ 3 ዶላር ነው። ቀጭን ትርፍ ነው፤ የሚያኖረው የሽያጩ ብዛት ነው። አሁን ይህ የ100 ዶላር አስቤዛ 40 ዕቃዎች አሉት እንበል። ለቃሚው አንዱን ዕቃ ፈልጎ ለማግኘት በአማካይ አንድ ደቂቃ ቢፈጅበት 40 ደቂቃ ይሆናል። በሰዓት 18 ዶላር የሚከፈለው ከሆነ መልቀሙ ብቻ 12 ዶላር ፈጀ። ነድቶ ለማድረስ 20 ደቂቃ እንጨምር፤ በዚያው ደመወዝ ሌላ 6 ዶላር። ነዳጁ፣ መኪናው፣ ከረጢቱና በረዶው ገና አልተቆጠሩም። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ፤ ከተማ ከከተማ፣ መደብር ከመደብር ይለያያል። ነገሩ ግን ከሁለት ዶላር ትርፍ ላይ አሥራ ስምንት ዶላር ወጪ ተደርቦበታል ማለት ነው። የማድረሻ ክፍያው ይህን ሁሉ ይሸፍን ቢባል አብዛኛው ሰው ማዘዙን ይተወዋል።

መጽሐፍ በኢንተርኔት መሸጥ ከዚህ ጋር አይወዳደርም። መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ዓመት ቢቀመጥ አይበላሽም፤ ቢወድቅ አይሰበርም፤ ደንበኛው የሚያዘውም አንድ ወይም ሁለት ነው። አስቤዛ ግን በአንድ ከረጢት ውስጥ ከሦስት ዓይነት አየር የመጣ ዕቃ ይይዛል፤ ሩዙ ከተራው መደርደሪያ፣ ወተቱ ከማቀዝቀዣው፣ አይስክሬሙ ከበረዶው። ሙዙ ከሥር ከገባ ይጨፈለቃል። እኔ ራሴ አንድ ቅዳሜ ማለዳ ያዘዝኩት እንቁላል ከአሥራ ሁለቱ አራቱ ተሰብሮ ደርሶኛል። ፎቶ አንስቼ ላክሁ፤ ገንዘቤ ያለ ክርክር ተመለሰልኝ። ልጆቼ ግን ቁርሳቸውን ደረቅ ዳቦ በሉ።

ለቀማው ምን ያህል ሙያ እንደሚጠይቅ የገባኝ እትዬ ከምላቸው ዘመዴ ነው። ከዋሽንግተን ዳር በምትገኘው በሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ባለ አንድ ትልቅ ሱፐርማርኬት የኢንተርኔት ትዕዛዝ ይለቅማሉ። ሥራ የሚገቡት በፈረንጅ ሰዓት ከሌሊቱ አምስት ላይ ነው። አንድ ማለዳ እኔም የራሴን ጋሪ እየገፋሁ ከኋላቸው ስከተል አረፈድኩ። የሚገፉት ጋሪ ስምንት የፕላስቲክ ሣጥኖች አሉት፤ ስምንት ሣጥን የስምንት ቤት አስቤዛ ነው። በእጃቸው የያዙት መሣሪያ የዕቃውን ፎቶ፣ የመደርደሪያውን ቁጥርና የሚገባበትን ሣጥን ያሳያቸዋል። ያነሳሉ፣ መሣሪያው ያነበዋል፣ ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ ያነሳሉ፣ ያነበዋል፣ ይገባል።

አትክልቱ ጋ ሲደርሱ ግን ፍጥነታቸው ቀነሰ። የታዘዘው የድንብላል ቅጠል ነው፤ አጠገቡ ያለው ፓርስሊ ደግሞ ቁርጥ እርሱን ይመስላል። እትዬ አንዱን እፍኝ አንስተው አሸተቱና መለሱት፤ ሁለተኛውን አሽትተው ሣጥን ውስጥ አስገቡ። «ፎቶው ያሳስታል፣ አፍንጫ አያሳስትም» አሉኝ። ቀጥሎ አቮካዶ ነበር፤ ደንበኛዋ «ለነገ የሚደርስ» ብላ ጽፋለች። ሦስት አቮካዶዎችን ከግንጣያቸው አጠገብ በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አድርገው አራተኛውን መረጡ። ጨው የሌለው ቅቤ አልቆ ነበር፤ መሣሪያው ጨው ያለውን እንዲተኩ ሐሳብ አቀረበ። እትዬ የሌሎቹን ዕቃዎች ዝርዝር ተመለከቱ፤ ዱቄት፣ ስኳር፣ ቫኒላ። «ኬክ ልትጋግር ነው፤ ጨው ያለው ያበላሽባታል» ብለው ሌላ ኩባንያ የሠራውን ጨው የሌለውን ቅቤ ፈልገው አገኙ። «ለራሴ ቤት ስገዛ እንዲህ አልጠነቀቅም» አሉ። በሥራው መጨረሻ መሣሪያው በሰዓት ስንት ዕቃ እንደለቀሙ በቁጥር ይነግራቸዋል። ቁጥሩ ከወረደ ኃላፊው ያነጋግራቸዋል። ቅቤውን ለመፈለግ የጠፋው ጊዜ ከዚያ ቁጥር ላይ ይቀነሳል፤ ለደንበኛዋ የተረፈላት ኬክ ግን በየትኛውም ቁጥር ውስጥ አይገባም። ይህ ነገር ያሳስበኛል፤ ደጋግሜ አስበዋለሁ።

እንግዲህ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ለሃያ አምስት ዓመታት የሚታገሉት ይህን የእትዬን ሥራ እንዴት እናርክሰው በሚል ነው።

መጀመሪያ የመጣው መልስ ሱቁን ጨርሶ መተው ነበር። አስቤዛን በኢንተርኔት ብቻ የሚሸጠውን ዌብቫን የተባለ ኩባንያ በ1996 ያቋቋመው ሉዊስ ቦርደርስ ነው፤ ቀደም ሲል ከወንድሙ ጋር በቤተሰባቸው ስም የሚጠራውን ታዋቂ የመጻሕፍት መደብር የመሠረተ ሰው። በ1999 ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ሥራ ሲጀምር ደጃፍ ያለው አንድም መደብር አልነበረውም። የነበረው ኦክላንድ ውስጥ 30 ሺህ ካሬ ሜትር የሚሰፋ፣ ሣጥኖች በማጓጓዣ ቀበቶ ወደ ለቃሚው የሚመጡበት መጋዘን ነው። ለደንበኛው የገባው ቃል ደግሞ በመረጠው የግማሽ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ደጁ ላይ መገኘት ነበር። ገና የመጀመሪያው መጋዘን ሳያዋጣ ቤክቴል ከተባለው የግንባታ ድርጅት ጋር 26 መጋዘኖች ለመገንባት የ1 ቢሊዮን ዶላር ውል ገባ። በ1999 መገባደጃ አክሲዮኑን ለሕዝብ ሸጦ 375 ሚሊዮን ዶላር ሰበሰበ። በ2001 አጋማሽ ከሰረ፤ ከ800 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጠፋ፣ 2 ሺህ ያህል ሠራተኛ ተበተነ።

ዌብቫን ለምን እንደወደቀ ሲጠየቅ «ጊዜው ገና ስለነበር ነው» ይባላል። ከፊሉ እውነት ነው፤ ያኔ ፈጣን ኢንተርኔት ያለው ቤት ጥቂት ነበር። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ይመስለኛል። መጋዘን ቢሸጥም ባይሸጥም ወጪው አይቀንስም፤ ቀበቶው ይሽከረከራል፣ ማቀዝቀዣው ኤሌክትሪክ ይበላል። ይህን ወጪ ለመሸፈን በየቀኑ እጅግ ብዙ ትዕዛዝ ያስፈልጋል። ትዕዛዙም ተቀራራቢ መሆን አለበት። አንድ አሽከርካሪ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ለአሥር ቤት ቢያደርስ የጉዞው ወጪ ለአሥር ይከፈላል፤ አሥሩ ቤቶች በአሥር ሰፈር ከተበተኑ ግን እያንዳንዱ ቤት የራሱን ጉዞ ይሸከማል። ዌብቫን ሰፊ ከተማ ላይ የተበተኑ ጥቂት ደንበኞች ነበሩት፤ የግማሽ ሰዓቱ ቃል ደግሞ መንገዱን ይበልጥ ቆራረጠበት። የዌብቫን ሰዎች ግን ሥራውን አልተዉትም። ከመካከላቸው ሚክ ማውንትዝ መደርደሪያውን ተሸክሞ ወደ ለቃሚው የሚያመጣ ሮቦት የሚሠራ ኪቫ የተባለ ኩባንያ አቋቁሞ አማዞን በ2012 በ775 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶታል። ዳግ ሄሪንግተን ደግሞ በ2007 ሲያትል ላይ የተጀመረውን የአማዞንን የአስቤዛ አገልግሎት መርቷል።

እንግሊዝ ውስጥ ሁለት መንገድ ጎን ለጎን ተሞከረ። ቴስኮ በ1990ዎቹ አዲስ መጋዘን ከመሥራት ይልቅ ባሉት መደብሮች ውስጥ ለቃሚ አሰማራ፤ እትዬ ዛሬ እንደሚሠሩት ማለት ነው። በጊዜው የኋላ ቀር አሠራር ይመስል ነበር። በ2000 የተመሠረተው ኦካዶ በተቃራኒው መደብር የሌለው፣ አብዛኛውን የመጋዘን ሥራ ለሮቦት የሰጠ ኩባንያ ሆነ። መጋዘኖቹ ውስጥ ሣጥኖች እንደ ጉድጓድ ወደ ታች ተደራርበው ይቀመጣሉ፤ ከላይ እንደ ዳማ ገበታ በተዘረጋ ሐዲድ ላይ ሮቦቶች እየሮጡ የሚፈለገውን ሣጥን ስበው ያወጣሉ። 50 ዕቃ ያለበትን ትዕዛዝ በጥቂት ደቂቃ ይጨርሳሉ። የሚያስደንቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ሁሉንም እንቁላል በአንድ ቅርጫት እንደማድረግ አደጋ አለው፤ በ2019 አንዶቨር ያለው መጋዘን በእሳት ወደመ፣ በ2021 ደግሞ ኤሪት ባለው መጋዘን ሮቦቶች ተጋጭተው እሳት ተነሣ።

አሜሪካዊው ክሮገር በ2018 ከኦካዶ ጋር ተዋውሎ እስከ 20 የሚደርሱ የሮቦት መጋዘኖች ለመክፈት ተነሣ። የመጀመሪያው በ2021 ኦሃዮ ውስጥ ሞንሮ ላይ ተከፈተ። እንዲያውም የራሱን ስም የያዘ መደብር በሌለበት በፍሎሪዳ ከመጋዘን ብቻ እየጫነ መሸጥ ጀመረ፤ የዌብቫን ሐሳብ በተሻለ መሣሪያ ተመለሰ ማለት ይቻላል። በ2025 ኅዳር ክሮገር ሦስት መጋዘኖችን እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ አንዱ የፍሎሪዳው፣ አንዱ የዊስኮንሲኑ፣ አንዱ ደግሞ እትዬ ከሚኖሩበት የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ርቆ በሜሪላንድ ፍሬድሪክ ከተማ የሚገኘው። ከዚሁ ጋር በተያያዘ 2.6 ቢሊዮን ዶላር በኪሳራ መዘገበ። ከዚያ በኋላ ይበልጥ የተማመነው በመደብሮቹ ውስጥ በሚሠሩ ለቃሚዎችና ከመደብር ለቅመው ቤት በሚያደርሱ እንደ ኢንስታካርት ባሉ ኩባንያዎች ላይ ነው።

ሮቦት መልቀሙን ያረክሳል፤ መንገዱን ግን አያሳጥርም። ከከተማ ውጭ የተገነባ ግዙፍ መጋዘን ከገዢው ይርቃል። የዋልማርት ጉልበት ያለው እዚህ ላይ ነው። ሳም ዋልተን በ1962 አርካንሳስ ውስጥ የጀመረው ይህ ኩባንያ ምግብን ከሌላው ሸቀጥ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሸጥበትን ትልቁን መደብር የከፈተው በ1988 ነው። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ 4,600 ያህል መደብሮች አሉት፤ ከሕዝቡ 90 በመቶው ከአንዱ መደብሩ በ16 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ይኖራል። እያንዳንዱ መደብር ደጃፍ ላይ የቆመ መጋዘን ነው። ዕቃው ገብቷል፣ ማቀዝቀዣው እየሠራ ነው፣ ኪራዩና መብራቱ መደብር ገብቶ በሚገዛው ሰው ተሸፍኗል። የኢንተርኔቱ ትዕዛዝ የሚጨምረው የለቃሚና የአድራሽ ወጪ ብቻ ነው።

በዚያ ላይ ዋልማርት ያገኘው ብልህ መላ አለ። ለቃሚው ይለቅማል፤ ደንበኛው ግን በራሱ መኪና መጥቶ ከማቆሚያው ይወስዳል። የሥራው ከፊል፣ ማለትም ማድረሱ፣ እንደገና ወደ ገዢው ተመለሰ። ሕፃን ልጅ ከኋላ ወንበር አስራ የምትመጣ እናት ከመኪና ሳትወርድ አስቤዛዋ ይጫንላታል፤ እርሷም ደስ ይላታል፣ ኩባንያውም ይድናል። በ2020 ዋልማርት በዓመት 98 ዶላር ለሚከፍል አባል ቤት ድረስ የሚያደርስበትን የአባልነት አገልግሎት ጀመረ። በ2025 ግንቦት ደግሞ የኢንተርኔት ንግዱ አሜሪካም ውስጥ በዓለም ደረጃም ወደ ትርፍ መግባቱን አስታወቀ።

አማዞንም ይህን ተረድቶ በ2017 ሆል ፉድስ የተባለውን የሱፐርማርኬት ድርጅት በ13.7 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። ዓለምን ከሱቅ ያላቀቀው ኩባንያ ከ460 በላይ ሱቆች ሲገዛ ገበያው ደነገጠ፤ የክሮገር አክሲዮን በዚያው ዕለት 9 በመቶ ያህል ወረደ። ሆል ፉድስ ግን የባለገንዘብ መደብር ነው፤ ተራው ቤተሰብ የሳምንት አስቤዛውን የሚሸምትበት ስላልነበረ አማዞን ከዚያ ወዲህም ሌላ መንገድ ሲፈልግ ኖሯል። በ2025 ነሐሴ ወተትና ሥጋን ከሌላው ዕቃ ጋር በዕለቱ ማድረስን ከ1,000 በላይ ከተሞች ውስጥ እንደሚሰጥ ሲያስታውቅ የኢንስታካርት አክሲዮን በአንድ ቀን ከ10 በመቶ በላይ ዋጋ አጣ። በአሥር ደቂቃ እናደርሳለን ብለው የተነሡትም ነበሩ። በ2015 ኢስታንቡል ውስጥ የተመሠረተው ጌቲር በ2022 ወደ 12 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ዋጋ ተሰጥቶት ነበር፤ በ2024 ከአሜሪካ፣ ከእንግሊዝ፣ ከጀርመንና ከሆላንድ ወጣ።

ታዲያ አስቤዛው ካላዋጣ ትርፉ ከየት መጣ? አብዛኛው ገዢ የማያየው ከዚህ የሚቀጥለውን ነው። ድሮም ቢሆን ብስኩት አምራቹ ምርቱ ዓይን የሚያርፍበት መደርደሪያ ላይ እንዲቀመጥለት ለመደብሩ ይከፍል ነበር። ስልክ ላይ ይህ ነገር እጅግ ሰፋ። «ፓስታ» ብለን ስንፈልግ መጀመሪያ ብቅ የሚለው ብዙውን ጊዜ የተከፈለበት ነው። ኢንስታካርት በ2022 ካስገባው 2.55 ቢሊዮን ዶላር ውስጥ 740 ሚሊዮኑ ከማስታወቂያና ከመሰል አገልግሎቶች የተገኘ ነው። ዋልማርት በ2025 ጥር በተዘጋው የበጀት ዓመቱ ከማስታወቂያ ብቻ 4.4 ቢሊዮን ዶላር አግኝቷል። ከማስታወቂያ አንድ ዶላር የሚተርፈው ከወተት አንድ ዶላር ከሚተርፈው ጋር አይነጻጸርም፤ ማቀዝቀዣም ለቃሚም አይፈልግም። የእትዬን ደመወዝ በከፊል የሚከፍለው እንግዲህ ፓስታ አምራቹ ነው። ትንሹ አምራች ግን ያን ማስታወቂያ የመግዛት አቅም የለውም፤ ትልቁም የከፈለውን መልሶ በፓስታው ዋጋ ላይ ማስገባቱ አይቀርም።

የዋጋውም ነገር ያስጨንቀኛል። ሳውንደርስ ባንኮኒውን ሲያነሳ ዕቃው ሁሉ ዋጋው ተለጥፎበት ወጣ፤ ለሀብታሙም ለድሃውም ያው ዋጋ። ስልክ ላይ ግን የምናየውን ዋጋ ጎረቤታችን ማየቱን በምን እናውቃለን? በ2025 መገባደጃ ኮንሲዩመር ሪፖርትስ የተባለው የሸማቾች ድርጅት ከሌሎች ጋር ባወጣው ጥናት አንድ ዓይነት ዕቃ ከአንድ መደብር በአንድ ጊዜ በኢንስታካርት በኩል ለተለያዩ ሰዎች በተለያየ ዋጋ ሲቀርብ ተገኝቷል። ኢንስታካርት ይህን የዋጋ ሙከራ በዚያው ወር አቆመ። መርካቶ ውስጥ ፊት ታይቶ ዋጋ እንደሚጠራ እናውቃለን። እዚያ ግን ሻጩም እኛን ያየናል፣ እኛም እርሱን እናየዋለን፤ ጎረቤቱን ጠይቀን ተከራክረን እናስቀንሳለን። ከስልክ ጋር መከራከር አይቻልም፤ መጠየቅ እንዳለብን እንኳ የሚነግረን የለም።

ይህ ሁሉ ክፋት ብቻ ነው ማለቴ አይደለም። ጉልበቷን ለታመመች አሮጊት፣ መኪና ለሌለው ሠራተኛ፣ መንታ ለወለደች እናት ይህ አገልግሎት ትልቅ እፎይታ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ለድሆች የሚሰጠው የምግብ ድጎማ በኢንተርኔት እንዲሠራ በ2019 ኒው ዮርክ ላይ ሙከራ ተጀምሮ በ2023 ሃምሳውን ግዛቶች አዳርሷል። የምፈራው የፉክክሩ ሜዳ መጥበቡን ነው። መጋዘኑን፣ መተግበሪያውን፣ ማስታወቂያውንና የአባልነት ክፍያውን አንድ ላይ ማሠራት የሚችሉት ጥቂቶች ናቸው። ክሮገርና አልበርትሰንስ የተባለው ሌላው የሱፐርማርኬት ድርጅት በ2022 በ24.6 ቢሊዮን ዶላር ለመጠቃለል ሲነሡ ያቀረቡት ምክንያት ዋልማርትንና አማዞንን ለመቋቋም መግዘፍ አለብን የሚል ነበር። በ2024 ታኅሣሥ ኦሪገን ያለው ፌዴራል ፍርድ ቤት ከለከላቸው፤ ለሰፈሩ ሰው ፉክክሩ አሁንም በሁለቱ ሱፐርማርኬቶች መካከል ነው በማለት። ትክክለኛ ፍርድ ይመስለኛል። ሁለት ሱፐርማርኬት ባለበት ሰፈር አንዱ ሲጠፋ የቲማቲም ዋጋ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ስሌት አያስፈልግም።

ለገዢ የሚጠቅም ነገር ቢኖር ሁለት ነው። በመተግበሪያው ያለውን ዋጋ ቢያንስ አንድ ጊዜ መደርደሪያው ላይ ካለው ጋር ማስተያየት፤ ብዙ ቦታ አንድ አይደሉም። መኪና ያለው ደግሞ ሄዶ ከደጃፍ ቢወስድ ብዙውን ጊዜ ቤት ድረስ ከማስመጣት ይረክሳል። አድራሹ ካመጣ ግን ጉርሻውን አንርሳ፤ ብዙዎቹ ለነዳጁም ለመኪናቸውም የሚከፍሉት ከኪሳቸው ነው።

ኢትዮጵያ በራሳችን አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. የችርቻሮ ንግድን ለውጭ ባለሀብቶች ክፍት አድርጋለች። ትልልቆቹ ሲመጡ አዲስ አበባ ውስጥ የሚገጥማቸው ተፎካካሪ ከነሙያው በየመንደሩ የቆመው ሱቅ ነው፤ ባንኮኒው ገና አልተነሣም፣ የዱቤ ደብተሩም አልተዘጋም። ባለፈው ዓመት እናቴ ቤት ሳለሁ እንግዳ ደረሰብንና እርሷ ስልኳን አንስታ ባለሱቁን «አሥር እንቁላል ለልጁ ስጥልኝ» አለችው። ልጁ በፌስታል ይዞ መጣ። ደጃፉ ላይ አብረው ቆጠሩት፤ አንዱ ተሰንጥቋል። እናቴ ምንም አላለችም፣ ብቻ ለይታ ሰጠችው። ልጁ እየሮጠ ሄዶ ደህናውን ይዞ ሲመለስ ድስቱ ላይ የተጣደው ዘይት ገና አልጋለም ነበር።